አርማታና ሽብልቅ፤ ስለ ሊና ቦ ባርዲ የዕቃ አሠራር የቀረበ ሒስ

የቤት ዕቃ ሥራ ከሌላው የግንባታ ሥራ ሁሉ ይልቅ ለሰው ገላ የቀረበ ነው። ቤትን ሰው ይገባበታል፤ ድልድይን ይሻገረዋል፤ ወንበርን ግን በጀርባው ይደገፈዋል፥ በእጁ ይዳስሰዋል። ስለዚህ ለምሰሶና ለግድብ ተስማሚ የሆነው አርማታ ወደ ወንበር፥ ወደ ጠረጴዛና ወደ ሥዕል ማቆሚያ በመጣ ጊዜ አንድ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ይኸውም፥ ሸካራ፥ ከባድና ቀዝቃዛ የሆነ ነገር ከእንጨት፥ ከብረትና ከመስተዋት ጋር ተስማምቶ ሊኖር የሚችለው እንዴት ነው? የሚል ነው።

ይህን ጥያቄ በጠቅላላው ከማራገብ ይልቅ አንዲት ሠሪ መርጠን ሥራዎቿን በየተራ መመርመር ይሻላል ብለን ሊና ቦ ባርዲን መርጠናል። ሊና በ1914 በሮማ ተወለደች፤ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በትውልድ ከተማዋ የሕንፃ ጥበብ ከተማረች በኋላ፥ ጦርነቱ ሲያበቃ፥ በ1946 ከባሏ ከፒዬትሮ ማሪያ ባርዲ ጋር ወደ ብራዚል ተሻገረች። በ1951 የብራዚልን ዜግነት ተቀብላ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1992 ድረስ በዚያው ኖረች። በ2021 የቬኒስ የሕንፃ ጥበብ ትርኢት ከሞት በኋላ የሚሰጥ ልዩ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ለመታሰቢያዋ ሰጥቷል። ብዙዎች የሚያውቋት በሕንፃዎቿ ነው፤ ነገር ግን ገና በ1948 ከጃንካርሎ ፓላንቲ ጋር የቤት ዕቃ የሚነደፍበት ድርጅት ያቋቋመች የዕቃ ሠሪ መሆኗ ሊዘነጋ አይገባም።

ክርክራችን በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሊና አርማታን ከሌላ ነገር ጋር ስታገናኝ ሁለቱን አትቀላቅልም፤ ታስማማቸዋለች። ለእያንዳንዱም የሚችለውን ሥራ ትሰጠዋለች። ስምምነቱን የሚጠብቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በመካከል የሚገባ አንድ ትንሽ፥ ርካሽና ሊነቀል የሚችል ሦስተኛ ነገር ነው። ይህን መንገድ በያዘች ጊዜ ሥራዋ ይሠምራል፤ መንገዱን በለቀቀች ጊዜ ግን፥ ሥራው የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን፥ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ይህንም በማስረጃ ለማሳየት እንሞክራለን።

1. የአርማታ ጠባይ

ስለ አንድ ሠሪ ብልኀት ለመፍረድ አስቀድሞ የያዘችውን ነገር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ፥ አሸዋ፥ ጠጠርና ውሃ ተደባልቆ ሲደርቅ ክብደትን ተሸክሞ መቆም ይችላል፤ ሲጎትቱት ወይም ሲያጎብጡት ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። መጎተትን የመቋቋም ኃይሉ መጫንን ከሚቋቋምበት ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ግንበኞች በውስጡ ፌሮ የሚቀብሩት በዚህ ምክንያት ነው። ብረቱ መጎተቱን ይቀበላል፤ ድብልቁ መጫኑን ይቀበላል። ከዚህም በላይ ሁለቱ በሙቀት ጊዜ የሚረዝሙበት መጠን ተቀራራቢ ስለ ሆነ አንዱ ሌላውን ሳይሰነጥቅ ዘመን ይቈጥራሉ።

እንግዲህ አርማታ ገና ከመጀመሪያው ከሌላ ነገር ጋር የተጋባ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ጋብቻ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፥ የተሰወረ ነው፤ ብረቱ በውስጥ ተቀብሮ አይታይም። ሁለተኛ፥ ፍቺ የሌለው ነው፤ እርጥበት ወደ ብረቱ ደርሶ ዝገት በተነሣ ጊዜ ብረቱ ያብጥና አርማታውን ይሰነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ መለያየቱ የሚሆነው በመፍረስ ብቻ ነው።

የቤት ዕቃ ሠሪ ከዚህ የተለየ ችግር ያጋጥመዋል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ በኩል ያብጣል፥ ሲደርቅም ይሸበሸባል፤ አርማታ ግን በዚህ መጠን አይንቀሳቀስም። መስተዋት ደግሞ ከሸካራ ነገር ጋር በአንዲት ነጥብ ብቻ የተገናኘ እንደ ሆነ ጭነቱ ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ተሰብስቦ ይሰብረዋል። ስለዚህ ፌሮንና ድብልቁን ያስማማው ዘዴ፥ ማለት ቀብሮ ማዋሐድ፥ እንጨትንና መስተዋትን ከአርማታ ጋር ለማስማማት አይበቃም። ሌላ ዘዴ መፈለግ ግድ ነው።

2. ሁለት ሌሎች መንገዶች

የሊናን መንገድ ለመለየት እንዲረዳን ሁለት የታወቁ ወንበሮችን በአጭሩ እንመልከት።

የመጀመሪያው የስዊዘርላንዱ ቪሊ ጉል በ1954 ለኤተርኒት ፋብሪካ የነደፈው የአትክልት ስፍራ ወንበር ነው። ጉል ጠጠር ያለበትን ወፍራም አርማታ ትቶ በጭረት የተጠናከረ ስስ የሲሚንቶ ሉሕ ወሰደ። ሉሑ ገና እርጥብ ሳለ እንደ ጥብጣብ ታጥፎ ጫፍና ጫፉ ይገናኛል፤ ሲደርቅም መቀመጫው፥ መደገፊያውና እግሩ ሁሉ አንድ ወጥ ይሆናል። እግር የለው፥ ብሎን የለው፥ መጋጠሚያ የለው። ውበቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ለያዝነው ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ ምክንያቱም ጉል የሁለት ነገሮችን መገናኘት ጨርሶ አስቀርቶታል። ጭረቱም በሉሑ ውስጥ ተሰውሮ ቀርቷል። በኋላ እንደ ታወቀው ጭረቱ አስቤስቶስ የሚባለው ለጤና ጎጂ የሆነ ነገር ነበርና በሌላ መተካት ግድ ሆነ፤ በተተካም ጊዜ የወንበሩ ቅርጽ ጭምር መለወጥ ነበረበት። የተሰወረ ጋብቻ ሲናጋ ቤቱ በሙሉ እንደሚናጋ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሁለተኛው የስዊድኑ ዮናስ ቦሊን በ1981 በስቶክሆልም ከሚገኘው ከኮንስትፋክ የጥበብ ትምህርት ቤት ሲመረቅ ያቀረበው ወንበር ነው። ስሙም «ኮንክሪት» ይባላል። መቀመጫውና መደገፊያው የአርማታ ሰሌዳዎች ናቸው፤ እነርሱንም የሚሸከማቸው የብረት ቧንቧ ነው። ሼለሞ የተባለ የስዊድን ድርጅት በቍጥር 100 ብቻ እንዲሠራ አድርጎ ሸጦታል። ወንበሩ በታየ ጊዜ ይህ የቤት ዕቃ ነው ወይስ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ? የሚል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ቦሊን መገናኘቱን አልሸሸገም፤ አርማታውም ብረቱም በግልጽ ይታያሉ። ሆኖም ግን የሁለቱ መገናኘት የተፈለገው ለሙግት ነው። አርማታው ለገላ በማይስማማበት ቦታ፥ ማለት መቀመጫው ላይ፥ ሆን ተብሎ ተቀመጠ። ወንበሩ ስለ ምቾት የለመድነውን አሳብ ለመንቀፍ የተነሣ ንግግር ነው፤ ንግግሩም ከተሰማ በኋላ ወንበሩ የሚሠራው ሥራ ጥቂት ነው።

እንግዲህ አንዱ መገናኘቱን አስቀረ፤ ሌላው መገናኘቱን ጠብ አደረገው። የሊና ቦ ባርዲ መንገድ ከሁለቱም ይለያል።

3. ወደ አርማታው የመራት ትምህርት

ሊና አርማታን ከመስተዋት ጋር ከማገናኘቷ በፊት የመጋጠሚያን ነገር በሌሎች ሥራዎች ስትማር ቈይታለች። ሦስቱን ብቻ እንጠቅሳለን።

በ1951 የነደፈችው «ጎድጓዳ ሳሕን» የሚባለው ወንበር ግማሽ ሉል የሚመስል መቀመጫና አራት እግር ያለው የብረት ቀለበት ነው። መቀመጫው በቀለበቱ ላይ ዐረፈ እንጂ አልተጣበቀም። የሚቀመጠው ሰው እንደ ፈለገ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊያዘነብለው፥ ሊያነሣውም ይችላል። ሁለቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሙሉ ናቸው፤ አንድ የሚያደርጋቸው የገዛ ክብደታቸው ነው።

ከዚያም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ወደ ባሒያ ሄዳ በሳልቫዶር ከተማ በባሕር ዳር የሚገኘውን ሶላር ዶ ኡንያው የሚባል ጥንታዊ ግቢ አድሳ በ1963 ቤተ መዘክር አድርጋ ከፈተችው። በዚያ ውስጥ ያቆመችው የእንጨት ደረጃ በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። የደረጃው ጣውላዎች የተያያዙት ያለ ምስማር ነው፤ የአገሩ አናጢዎች በበሬ የሚጎተተውን ጋሪ በሚያጋጥሙበት ልማድ፥ በተሰካ ምላስና በእንጨት ችንካር ይያያዛሉ። የተማረች የሮማ ልጅ የጋሪ ሠሪዎቹን ዘዴ ወስዳ በቤተ መዘክር መካከል በክብር አቆመችው።

ሦስተኛው በ1967 የነደፈችው «የመንገድ ዳር ወንበር» ነው። ይህ ወንበር ብዙ አናጢ ሊስቅበት ይችላል፤ አራት የዛፍ ቅርንጫፎች በአንድነት ታስረው የሚቆሙበት ነውና። ነገር ግን ልብ ብለን ስንመረምረው እንጨቱ አልተጠረበም፤ መጋጠሚያውም ምንም አልተሰወረም፤ ማሰሪያው ቢላላ መልሶ ማጥበቅ ይቻላል።

ከነዚህ ከሦስቱ አንድ ትምህርት እናገኛለን። መጋጠሚያ ማለት ለሊና የሚሸሸግ ነውር አልነበረም። ማረፍ፥ መሰካትና ማሰር ሁሉም ሊፈቱ የሚችሉ ግንኙነቶች ናቸው፤ ሁሉም በዐይን ይታያሉ፤ ሁሉንም ተራ ሰው በእጁ ሊጠግናቸው ይችላል።

4. የመስተዋቱ ማቆሚያ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደርሰናል። በ1947 የተቋቋመው የሳን ፓውሎ የጥበብ ቤተ መዘክር በፓውሊስታ ጎዳና ላይ ሊና ወደ ነደፈችለት አዲስ ሕንፃ የገባው በኅዳር ወር 1968 ነው። ሕንፃው በአራት ምሶሶዎች ላይ ተንጠልጥሎ ከምድር 8 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከሥሩም ከ70 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ምሶሶ አልባ ሜዳ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ይህ የአርማታ ጀግንነት በብዙ ጸሐፊዎች ተወድሷል። እኛ ግን በላይኛው ፎቅ በአዳራሹ ውስጥ የቆሙትን ትንንሽ ዕቃዎች ለመመልከት እንወጣለን።

በዚያ አዳራሽ ሥዕሎቹ በግድግዳ ላይ አልተሰቀሉም። እያንዳንዱ ሥዕል በአንድ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ተያይዞ በወለሉ መካከል ቆሟል። የመስተዋቱ ሰሌዳ የቆመው በአንድ የአርማታ ኩብ ውስጥ ነው። በኩቡ ውስጥ ክፍተት አለ፤ ሰሌዳው በክፍተቱ ይገባል፤ ከጎኑ የእንጨት ሽብልቅ ገብቶ ያጠብቀዋል፤ ስለ ልስላሴም ላስቲክ ተጨምሯል። የሥዕሉ ስም፥ የሠዓሊውም ስምና ዘመን የተጻፈው በጀርባው ነው፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ሥዕሉን አይቶ፥ ዞሮ ነው ስሙን የሚያነበው።

ይህን ማቆሚያ ከሥራ ክፍፍሉ አንጻር እንየው። አርማታው የሚሠራው አርማታ የሚችለውን ብቻ ነው፤ ከባድ ሆኖ ተቀምጦ ይጫናል። ማንም አይቀመጥበትም፥ ማንም አይደገፈውም። መስተዋቱ የሚሠራው መስተዋት የሚችለውን ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ብርሃን ያሳልፋል። እንጨቱ ደግሞ በሁለቱ መካከል ገብቶ ይታመቃል፤ ከአርማታው ይለሰልሳልና መስተዋቱን አይሰብረውም፤ ከላስቲኩ ይጠነክራልና ሰሌዳው እንዲወላወል አይፈቅድም። አየሩ ደርቆ እንጨቱ የተሸበሸበ እንደ ሆነ ሽብልቁን መልሶ ማጥበቅ ነው፤ ያረጀ እንደ ሆነም ነቅሎ ሌላ መተካት ነው። የእንጨት መንቀሳቀስ በሌላ አሠራር ቢሆን ጉድለት ይባል ነበር፤ በዚህ ግን ታስቦበት ቦታ ተሰጥቶታል።

ሽብልቅ በመሠረቱ ለመሰንጠቅ የሚያገለግል መሣሪያ መሆኑን እንጨት ፈልጦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ያው መሣሪያ በተዘጋጀ ክፍተት ውስጥ ሲገባ ግን ያያይዛል። የሁለቱ አገልግሎት ልዩነት የሚመጣው ከሽብልቁ ሳይሆን ከሚገባበት ቦታ ነው። የዚህ ማቆሚያ ብልኀትም በዚህ ላይ ይገኛል፤ ሊና አዲስ ነገር አልፈለሰፈችም፤ የቆየውን መሣሪያ ለሚገባው ቦታ አዘጋጀችለት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እንጨምር። የአርማታ ክብደት በአንድ ሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የመስተዋት ክብደት ደግሞ 2,500 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በመጠን ካስተካከልናቸው መስተዋቱ ከአርማታው ጥቂት ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ዐይናችን ግን አንዱን ድንጋይ፥ ሌላውን አየር አድርጎ ይቀበላል። ሊና ከባዱን በከባድ ላይ አቁማ ሥዕሉ በባዶ የተንሳፈፈ አስመስላዋለች። ይህ ማታለል ነውን? አይደለም እንላለን፤ ምክንያቱም የተሸሸገ ነገር የለም። ኩቡ ይታያል፤ ሽብልቁ ይታያል፤ ሰሌዳውም ጠርዙ ይታያል። ተመልካቹ ሥዕሉ የሚቆምበትን ምክንያት ጎንበስ ብሎ በዐይኑ ሊያረጋግጥ ይችላል። የሚታወቅ ነገር ሲያስደንቅ ከማይታወቅ ነገር ይልቅ ይበልጣል።

5. የተነሣው ተቃውሞ

ማቆሚያዎቹ ያለ ክርክር አልኖሩም። በ1996 ከአዳራሹ ተነሥተው ሥዕሎቹ እንደ ሌላው ቤተ መዘክር በግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። በ2015 መጨረሻ ግን ማቆሚያዎቹ በሳን ፓውሎው ሜትሮ በሚባል የአርክቴክቶች ቢሮ ረዳትነት በአሠራራቸው ተሻሽለው፥ ቅርጻቸው ተጠብቆ፥ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ተቃዋሚዎቹ የሚያቀርቡት ነገር ሊናቅ የሚገባው አይደለም። አንደኛ፥ መስተዋቱ ብርሃን አሳላፊ ስለ ሆነ ከአንዱ ሥዕል ኋላ ሌሎቹ ሥዕሎችና የሚመላለሱት ሰዎች ሁሉ ይታያሉ፤ ይህም ዐይንን ይበትናል ይላሉ። ሁለተኛ፥ በግድግዳ ላይ ያልተደገፈ ሥዕል ለመንቀጥቀጥና ለመነካት የተጋለጠ ነው ይላሉ። ሦስተኛ፥ ሥዕሎቹ በዘመንና በትምህርት ቤት ተለይተው በግድግዳ ካልተደረደሩ ተማሪው የጥበብን ታሪክ ቅደም ተከተል አይረዳም ይላሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአሠራር ጉዳይ ነውና በአሠራር ይመለሳል፤ የ2015ቱ ማሻሻያም የሚያመለክተው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኩቡ፥ ሰሌዳውና ሽብልቁ እያንዳንዳቸው የተለያዩ በመሆናቸው የአንዱን ክፍል አሠራር ማሻሻል ሙሉውን አሳብ አያፈርሰውም። የጉል ወንበር ጭረቱ ሲለወጥ ቅርጹም አብሮ ተለወጠ፤ የሊና ማቆሚያ ግን ከ19 ዓመት ስደት በኋላ ታድሶ ሲመለስ ያው ሆኖ ታወቀ። ሊፈታ የሚችል ግንኙነት ዕድሜ እንደሚረዝም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ደግሞ ጀርባው ራሱ ይመልሰዋል። ስምና ዘመኑ አልጠፋም፤ ከዕይታ በኋላ እንዲመጣ ብቻ ተደረገ። የመጀመሪያው ተቃውሞ ግን በከፊል እውነት ነው። ትንሽና ጸጥ ያለ ሥዕል በብዙ ደማቅ ሥዕሎች መካከል ሲቆም ይቸገራል። ማቆሚያው ለሥዕሎች ሁሉ እኩል ቦታ ሲሰጥ እኩል ጸጥታ ግን ሊሰጥ አልቻለም። ይህንን ድካም መሸፈን ለሊናም ለአንባቢም አይጠቅምም። ሆኖም ግን ድካሙ የመጣው ከመስተዋቱ ማሳለፍ እንጂ አርማታውና መስተዋቱ ከተገናኙበት መንገድ አይደለም።

6. ፖምፔያ፤ መስኮቱና ወንበሩ

ከዚህ በኋላ ሊና አርማታን በሰፊው የሠራችበት ቦታ በሳን ፓውሎ የሚገኘው ሴስኪ ፖምፔያ የሚባለው የመዝናኛና የባህል ማዕከል ነው። ቀድሞ የበርሜል ፋብሪካ ነበር። ሥራው በ1977 ተጀምሮ የፋብሪካው ክፍል በ1982፥ ከአጠገቡ የቆሙት የስፖርት ሕንፃዎች ደግሞ በ1986 ተከፈቱ። በዚህ ስፍራ ሁለት ነገሮችን ብቻ እናነጻጽራለን፤ አንዱ መስኮት ነው፥ ሌላው ወንበር ነው።

የስፖርቱ ሕንፃ ግድግዳ ያልተለሰነ አርማታ ነው። በግድግዳው ላይ የዋሻ አፍ የሚመስሉ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ ቀዳዳዎች ተከፍተዋል። ሊና በነዚህ ቀዳዳዎች መስተዋት አላስገባችም፤ ከውስጥ በኩል ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተቱ ቀይ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ፍርግርጎች አደረገችባቸው። ፍርግርጉ የተሠራው በቀዳዳው ልክ አይደለም፤ ቀዳዳው እንደ ተሰበረ ድንጋይ ነው፥ ፍርግርጉ አራት ማዕዘን ነው። አርማታው ሸካራነቱን ለእንጨቱ ሲል አልተወም፤ እንጨቱም አርማታውን ለመምሰል አልተጣመመም። ከዚያው ጋር የአየርና የብርሃን መጠን በተጠቃሚው እጅ ሆነ። ይህ የማቆሚያው ትምህርት በሌላ መልክ ሲደገም ነው፤ ሥራውም ሠምሯል።

አሁን ወደ ቴአትሩ እንግባ። በፖምፔያ ቴአትር መድረኩ በመካከል ሆኖ ተመልካቾች በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ወንበሮቹ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ስፖንጅም ጨርቅም የላቸውም። ሊና ይህን ያደረገችው ሳታስብ አይደለም። የጥንት የግሪክና የሮማ ቴአትሮች መቀመጫቸው ድንጋይ እንደ ነበር፥ በኳስ ሜዳም ሕዝቡ ዛሬ በደረጃ ላይ እንደሚቀመጥ እያስታወሰች፥ የለሰለሰ ወንበር ተመልካቹን ከጉዳዩ የሚለይ የኋላ ዘመን ድሎት ነው በሚል መንፈስ ተከራክራለች። ብዙ አድናቂዎቿም ይህን አሳብ እየደገሙ ወንበሩን ያወድሳሉ።

እኛ ግን በዚህ ላይ ከአድናቂዎቹ እንለያለን። በርግጥ እንጨት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአርማታ አሥር እጅ ገደማ ባነሰ መጠን ነውና ሊና ተመልካቹን በቀዝቃዛው ነገር ላይ አላስቀመጠችም። ይህን ያህል አስባለታለች። ከዚያ ያለፈው ክርክሯ ግን በታሪክ ሲመዘን ይቀላል። በጥንቱ ቴአትር መቀመጫው ድንጋይ እንደ ነበር እውነት ነው፤ ሰው በባዶ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር ማለት ግን እውነት አይደለም። ቴዎፍራስጦስ ስለ ሰዎች ጠባይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ደላይ ሰው በቴአትር ትራሱን ከአሽከሩ እጅ ተቀብሎ ለጌታው ራሱ ያነጥፍለታል። አስኪኔስም ዴሞስቴኔስን ሲከስ፥ ለመቄዶንያው ንጉሥ ለፊልጶስ መልእክተኞች በቴአትር ትራስ አስቀምጦላቸዋል ብሎ ነቅፎታል። ነቀፋው ለጠላት ክብር ሰጠ ነው እንጂ ትራስ የሚባል ነገር በቴአትር ተሰምቶ አይታወቅም አይደለም። እንግዲህ የአቴና ሰው ትራሱን ከቤቱ ይዞ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

ይህ ትራስ ምንድር ነው? በድንጋዩና በሰው ገላ መካከል የሚገባ ትንሽ፥ ርካሽና የሚነሣ ሦስተኛ ነገር ነው። በሌላ አነጋገር የገላ ሽብልቅ ነው። ሊና መስተዋት በሸካራ ነገር ላይ እንዳይሰበር ብላ ላስቲክና እንጨት አስገባች፤ ሽማግሌና አሮጊት፥ ወገቡን የሚያመውም ሰው፥ ሦስት ሰዓት በሚቀመጥበት ቦታ ግን ያንኑ ርኅራኄ ነሣቻቸው። ለመስተዋት የተደረገው ለሰው አልተደረገም። ስለዚህ የቴአትሩ ወንበር የምንነቅፈው ሊና ከመጠን በላይ ጽኑ ስለ ሆነች ሳይሆን የገዛ መንገዷን በዚህ ቦታ ስለ ለቀቀች ነው። ወንበሩ በጠባዩ ወደ ዮናስ ቦሊን ወንበር ይጠጋል፤ ተቀማጩን ይናገረዋል እንጂ አያስቀምጠውም።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ፖምፔያ ለሠራተኛው ሕዝብ የተሠራ ስፍራ ነው፤ ጨርቅና ስፖንጅ ወጪ ያበዛል፥ ቶሎም ያረጃል፤ ድሎት የሀብታሞች ነው የሚል። የመጀመሪያው እውነት ነው። የመጨረሻው ግን ሊመረመር ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ወይም ጎንብሶ የዋለ ሠራተኛ ማታ በቴአትር ወገቡን ማሳረፍ ቢፈልግ ድሎት ሊባል አይገባም። ድኽነትን ማክበርና ድኽነትን በሌላ ሰው ላይ መጫን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የባሒያው ደረጃ የመጀመሪያውን አድርጓል፤ የቴአትሩ ወንበር ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ወጪውንም በሚመለከት፥ ሊነሣ የሚችል ትራስ ከመቀመጫው ጋር ከተሰፋ ስፖንጅ ይልቅ ለማጠብም ለመተካትም የሚቀል ነውና የራሷ ዘዴ መፍትሔውን አስቀድሞ ይዞት ነበር።

7. መደምደሚያ

ካየነው ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። አርማታ ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ የሠሪው ችሎታ የሚታወቀው ከአርማታው ልስላሴ ወይም ከመስተዋቱ ጥራት አይደለም፤ ሁለቱ ከሚነካኩበት ከዚያች ጠባብ ቦታ ነው። ሊና ቦ ባርዲ በዚያች ቦታ ላይ ጋሪ ሠሪ የሚያውቀውን ችንካርና እንጨት ፈላጭ የሚያውቀውን ሽብልቅ አስቀመጠች። በዚህም አሠራር ከባዱ ነገር ክብደቱን፥ ተሰባሪው ነገር ስስነቱን ሳይለቅ አብረው ቆሙ። በቴአትሩ ወንበር ግን በእንጨቱና በሰው ገላ መካከል ያለችውን ያችኑ ጠባብ ቦታ ባዶ ተወቻት።

ስለዚህ አርማታን ወደ ቤት ዕቃ ሊያመጣ የሚፈልግ ተማሪ ንድፉን ከመጨረሱ በፊት ሦስት ነገሮችን ራሱን ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን። አርማታው በዚህ ዕቃ ውስጥ የሚሠራው እርሱ የሚችለውን ሥራ ነውን? ከአጠገቡ ያለው ነገር ሲያብጥ፥ ሲሸበሸብ ወይም ሲያረጅ፥ ዕቃው ሳይፈርስ ሊነቀልና ሊተካ ይችላልን? በመጨረሻም፥ ዕቃው የሚነካው ገላ ከሆነ ለገላው የተዘጋጀው ሽብልቅ የቱ ነው? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የሳን ፓውሎው ማቆሚያ ግሩም መልስ ሰጥቷል። ሦስተኛው ግን የተመልካቹን ወገብ ጠይቆ የሚመለስ ነው፤ የንድፍ ወረቀት ብቻውን አይመልሰውም። አሳባችንን የሚቃወም ወንድም ወይም እኅት ተማሪ ቢኖር፥ ወንበሩን በክርክር ሳይሆን ተቀምጦበት ሦስት ሰዓት ቈይቶ ይከላከልልን፤ ያን ጊዜ ክርክሩን በደስታ እንቀበላለን።